ከሰላምታ በኋላ የሚነበብ ቁጥር

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ነጥቦች አሉት፤ ዘጠኙንም ወልቂጤ ባለው ቢሮዬ ተቀምጬ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንንም ሳላማክር ጨረስኳቸው። አራተኛው ነጥብ «ማንኛውም ሠራተኛ የማረጋገጫ ቁጥሩን ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም» ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ሲያነበው ከሥሩ አንድ መስመር አስጨመረኝ፦ «ይህን የጣሰ ከቢሮ ውጭ ሆኖ የመሥራት ፈቃዱን ያጣል።» ደስ ብሎኝ ጨመርኩ። ቅጣት የሌለው ደንብ ምክር እንጂ ደንብ አይመስለኝም።

የምንሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው፤ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች አልጋ፣ ሚዛን፣ ጓንትና የመሳሰለውን ያቀርባል። ዋናው ቢሮ ወልቂጤ ነው፣ መጋዘኑ ግን ቡታጅራ። የዕቃው መዝገብ በሙሉ የተቀመጠው እኔ በምጠብቃት አንዲት ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ቡታጅራ ያሉትም ሆኑ ወደ ቸሃና አገና የሚወጡት የመስክ ሠራተኞች ወደዚያች ኮምፒውተር የሚገቡት በኢንተርኔት፣ ቪፒኤን በሚባለው መንገድ ነው። ለሰው ሳስረዳ ቪፒኤን የተሸፈነ መተላለፊያ ነው እላለሁ፤ ከቤትህ ትገባበታለህ፣ መሀል ላይ ማንም አያይህም፣ ቢሮ ውስጥ ትወጣለህ። የመተላለፊያው በር ለዓመታት ይከፈት የነበረው በይለፍ ቃል ብቻ ነው። የይለፍ ቃል ደግሞ እኛ ዘንድ ከበኩር ልጅ ስምና ከስልክ ቁጥር መጨረሻ የሚሠራ ነገር ነው። አንድ ጠዋት የማላውቀው ሰው በአንድ የመስክ ሠራተኛ ይለፍ ቃል ገብቶ መዝገባችን ውስጥ ሲዘዋወር ያዝኩት። የሠራተኛውን ልጅ ስም ያወቀ ሁሉ ሊገባ ይችል ነበር።

በሩ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንድጨምር የተወሰነው በዚያው ሳምንት ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሠራተኛው ስልኩ ላይ አንድ አፕ ይጭናል፣ እኔ የሰጠሁትን ኪውአር ኮድ በካሜራው ያነሳል፣ ከዚያ ወዲያ አፑ በየሠላሳ ሰከንዱ አዲስ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያወጣለታል። የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ያንን ቁጥር ይጽፋል። ሌባ የይለፍ ቃሉን ቢያውቅ እንኳ ስልኩ እጁ ላይ ከሌለ ደጅ ይቀራል።

ከሁላችንም ይልቅ ይህ በር የሚያስፈልጋት ቡታጅራ ያለችው የመዝገብ ሠራተኛችን ነበረች። አርባን ያለፈች፣ ዝምተኛ፣ ቁጥር የማትስት ሴት ናት። አባቷ ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እናትና ልጅ ብቻቸውን ሆኑ። እናቷን ደግሞ ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጎረቤቱ ደግ ነው፣ ሾርባ ያመጣል፣ ይጠይቃል፤ ይሁንና ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለበትና ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ የለም። ሥራ አስኪያጁ ከብዙ መጻጻፍ በኋላ በሳምንት አራት ቀን ከቤቷ እንድትሠራ ፈቀደላት። ያ ፈቃድ ከሌለ ወይ ሥራዋን ወይ እናቷን መተው ነበረባት። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። እኔም ደንቡን ስጽፍ አውቅ ነበር።

ሥልጠናውን ልሰጥ ቡታጅራ ሄድኩ። መጋዘኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ስድስቱም ተሰብስበው ጠበቁኝ፤ እሷም እናቷን ለጎረቤት አደራ ብላ መጥታለች። ደንቡን አስፈርሜ፣ ለእያንዳንዳቸው ኪውአር ኮዱ የታተመበት አንዳንድ ወረቀት ሰጠሁ። «ይህን ወረቀት እንደ ወርቅ ያዙት» አልኳቸው። «ከልጅ እጅ፣ ከመንገደኛ ዓይን አርቁት። ስልካችሁ ላይ ካስገባችሁ በኋላ ቅደዱት።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄ ካለ አልኩ። አንዱ አፑ ካርድ ይበላ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አይበላም አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄ የለም ማለት ገብቶናል ማለት እንዳልሆነ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን የወልቂጤ ሚኒባስ እየሞላ ነበርና ኮዱን በየስልካቸው ሲያስገቡ ቆሜ ሳላይ ወጣሁ። ደንብን አጥብቆ የሚጽፍ ሰው ለሚኒባስ ብሎ ሥራውን ግማሽ ላይ ሲተው ያስቃል፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም፣ መስኮት አጠገብ ቦታ አገኘሁ።

ያላወቅሁት ነገር እዚያ መጋዘን ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያዝ ዕቃ ባለቤቱ እጅ ላይ እንደማይቀመጥ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዙት ስድሳን የተሻገሩ የመስቃን ሰው ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለመጡ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ የብረት ሣጥን አለች። የአንዱ የቤት ካርታ፣ የሌላዋ ዲፕሎማ፣ የሾፌሩ የጋብቻ ቀለበት፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ ነው። አማና ይሉታል፤ ክርስቲያኑም አማና ይላል። አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን አይከፍተውም፣ ምንነቱን አይጠይቅም፣ ለባለቤቱ ብቻ፣ በባለቤቱ እጅ ይመልሳል። እኔ እንደ ወርቅ ያዙት ብዬ ስወጣ ስድስቱም ወረቀቶች ከሩብ ሰዓት በኋላ ሐጂ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሐጂ ልጃቸው ከአረብ አገር የላከላቸው ደህና ስልክ አላቸው። ሾፌሩ አፑን ጫነላቸው፣ የራሳቸውን ጨምሮ ስድስቱንም አስገባላቸው፣ ወረቀቶቹንም እንደታዘዘው ቀደዳቸው።

ሰባት ወር ሙሉ ከቡታጅራ አንድም አቤቱታ አልመጣም። ወልቂጤ ያሉት ግን አሳሬን አበሉኝ፦ አንዱ ስልኩን ውኃ ውስጥ ጣለ፣ አንዷ ስልክ ቀየረችና አፑ ጠፋባት፣ ሌላው የስልኩን ሰዓት አዛብቶ ቁጥሩ አልሠራም አለኝ። በስብሰባ ላይ ተነስቼ ቡታጅራን አርአያ አድርጌ ጠቀስኩ። ሥልጠና ማለት እንዲህ ነው አልኩ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ የመዝገብ ሠራተኛዋን ላፕቶፕ ልጠግን ቤቷ ድረስ የሄድኩ ቀን ነው። ጠግኜ ስጨርስ እስቲ ግቢና እንየው አልኳት። የይለፍ ቃሏን ጻፈች፣ ቁጥር የሚጠይቀው ሣጥን መጣ፣ እሷ ግን አፕ አልከፈተችም፤ ስልኳን አንስታ ደወለች።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም። እንዴት አደርሽ ልጄ? እማማ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት ትንሽ ቀመሱ።»

«አልሐምዱሊላህ። ያ የጎናቸው ቁስል?»

«እየደረቀ ነው። እርስዎስ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ጉልበትማ ያው ነው፣ ከእኔ ጋር ያረጃል። በይ ቁጥሩ አልፏል፣ አዲሱ እስኪመጣ… መጣ። ጻፊ ልጄ።» አሃዞቹን አንድ በአንድ አነበቡላት። ገባች።

እናቷ ከአልጋቸው ሆነው በአንድ ዓይናቸው ያዩኛል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አዎ፣ በየጠዋቱ» አለች፤ ያጠፋች አልመሰላትም። «መጀመሪያ መጀመሪያ ሰላም ሳንባባል ቁጥሩ ያልፍ ነበር። አሁን ለምደነዋል፣ ሰላምታውን አስቀድመን ጨርሰን ነው የምንጠብቀው።»

በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሐጂ ስልካቸውን ሳያመነቱ ከፍተው አሳዩኝ። ስድስት መስመር ቁጥር ተደርድሯል። በየመስመሩ ላይ ስም ሳይሆን ምልክት ጽፈውበታል፦ ሾፌር፣ ዘበኛ፣ አንዱ «የእማማ ልጅ» ይላል። ይህ ክልክል ነው አልኳቸው። ቁጥሩ የሰውየው የራሱ ነው፣ ሌላ ሰው ሊያየው አይገባም፣ ደንቡ ላይ አራተኛው ነጥብ አለ፣ ፈርማችኋል።

«አላየሁትም እኮ» አሉ ሐጂ። «አነብላቸዋለሁ እንጂ ለራሴ አላየሁትም። አማና ነው።»

«ሰው ደውሎ ቢያታልልዎትስ?»

«ደውሏል» አሉ ተረጋግተው። «ባለፈው ወር ነው። የእማማ ልጅ ጋ ደውሎ ሐጂ ጋ ነው ብትለው እኔ ጋ መጣ። ከወልቂጤ ከዋናው ቢሮ ነኝ ይላል፤ የእማማን ልጅ ቁጥር ቶሎ በሉ፣ ሲስተሙ ሊዘጋ ነው ይላል። ጤናዬን አልጠየቀ፣ ዝናቡን አልጠየቀ። ሰላም ማለት የማያውቅ ሰው ቁጥር ያውቃል? ና ሻይ ጠጣና እጅ በእጅ እሰጥሃለሁ አልኩት። ዘጋው፣ ወላሂ።»

ይህን ሲነግሩኝ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛው አድናቆት ነው፤ እኔ ከጫንኩት መሣሪያ ሁሉ የበለጠ ጠንካራ በር እኚህ ሰውዬ መሆናቸው ገብቶኝ ነበር። ሁለተኛው ንዴት ነው፤ ለሰባት ወር አርአያ ያልኩት ቅርንጫፍ ደንቤን አንድም ቀን አልፈጸመውም። ሁለቱ ሲጣሉ ንዴቱ አሸነፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ሐጂ አልተከራከሩኝም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አማናው በባለቤቱ እጅ ይመለስ። እኔ አዲስ ኮድ አሳተምኩ፣ እሳቸው አንድ በአንድ እየጠሩ «ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ በራስህ ነው፣ አውፍ በለኝ» እያሉ አስረከቡ፣ ከስልካቸውም እያዩአቸው አጠፉት። እሷ የዚያን ቀን ከቤቷ ስለምትሠራ የሷን ይዘን አብረን ሄድን። በዚህ ጊዜ ሚኒባስ አላስቸኮለኝም፤ ስልኳ ላይ እስኪገባ፣ ሦስት ጊዜ ወጥታ ሦስት ጊዜ እስክትገባ ድረስ አጠገቧ ቆምኩ።

ሐጂ ከወጡ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለመነችኝ። «ወንድሜ፣ የኔን እዚያው እሳቸው ጋ ብትተውልኝ?»

«ለምን?»

«እናቴን ሳገላብጥ፣ ሳበላ፣ ስልክ ሲጮህ ልቤ እኔ ጋ አይሆንም። የተባልኩትን እሺ ብዬ ነው የምዘጋው። ቁጥሩ እሳቸው ጋ ሲሆን ማንም ሊያታልለኝ አይችልም፤ የምሰጠው የለኝማ።»

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ መረጃ ደህንነት ከሰማሁት ሁሉ ይህ የሚበልጥ ነው። ያኔ ግን የመለስኩላት አራተኛውን ነጥብ ነው። ለአንቺ ብዬ ብለውጠው ለሌላው ምን እላለሁ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። የሚነቀነቅ ራስ እንደማላምን ከላይ የጻፍኩ ይመስለኛል፤ ያን ቀን ግን አመንኩ፣ ምክንያቱም የሚስማማኝ እሱ ነበር።

ወልቂጤ ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ቡታጅራን ያሞገስኩበት ስብሰባ ገና ከሰው አፍ አልወረደም፤ ስድስት ሰው ሰባት ወር በአንድ ስልክ ሲገባ አላየሁም ነበር ብዬ ልነሳ? «የቡታጅራ ስልኮች ተስተካክለዋል» የሚል አንድ መስመር ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም።

ሁለት ወር አልሞላም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ እሷ ደወለችልኝ። ጨዋ የሆነ ሰው ደውሎላታል፤ ከዋናው ቢሮ ነኝ ብሏታል፣ እናትሽ እንዴት ናቸው ብሎ ሳይቀር ጠይቋታል። የቤት ሥራ ፈቃድሽ ዛሬ ይታደሳል፣ ስልክሽ ላይ ያለውን ቁጥር ካላነበብሽልኝ ግን ይቋረጣል ብሏታል። እናቷ በዚያን ጊዜ በጎናቸው ተደግፈው ነበር፤ በአንድ እጇ እሳቸውን ይዛ፣ በሌላው ስልኩን ይዛ አነበበችለት። የይለፍ ቃሏን ሰውየው መጀመሪያ መዝገባችን ውስጥ በተዘዋወረ ጊዜ ሳያገኘው አልቀረም፤ ሁለተኛው ማረጋገጫ ይበቃል ብዬ አላስቀየርኳትም ነበር። እናቷን አስተኝታ ቀና ስትል ነው ምን እንዳደረገች የገባት፤ ከዚያም አንዲት ደቂቃ ሳታባክን ለኔ ደወለች።

መግቢያዋን ወዲያው ዘጋሁት። ሰውየው የጤና ጣቢያዎቹን ስምና የስልክ ዝርዝር ቀድቶ ነበር፤ ሌላ የነካው ነገር አላገኘሁም። ጉዳቱ ትልቅ አልነበረም። መዝገቡ ግን ያሳያል፤ ማን እንደገባ፣ በማን ስም፣ በስንት ሰዓት። ያንን መዝገብ እንዲያ እንዲያሳይ አድርጌ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ነገሩን ለሥራ አስኪያጁ ማሳወቅ ግዴታዬ ነበር፤ አሳወቅኩ።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ወልቂጤ ተቀመጠ። እሷን በስልክ አነጋገሯት፤ ሰጥቻለሁ አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ሁለት ጥያቄ ነው የቀረበልኝ።

«ደንቡን ታውቅ ነበር?»

«ፈርማለች» አልኩ።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጥፋት ደርሶባታል?»

«አልደረሰባትም።»

ሁለቱም እውነት ነው። ሰባት ወር ያልደረሰባት ለምን እንደሆነ፣ በሁለት ወር ውስጥ የደረሰባት ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ብጨምር ኖሮ ምን ሊባል እንደሚችል አሰብኩ፤ ቅርንጫፉ ሙሉ በአንድ ስልክ ይገባ ነበር፣ ባለሙያው ሳያይ አሞገሰ፣ ሲያይ ደበቀ፣ ሲያስተካክል እያስጠነቀቀችው አልሰማም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም አልኩ። ኮሚቴው ከሥራ አላስወጣትም፤ ከቤት የመሥራት ፈቃዷን ብቻ አነሳ። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ መጋዘኑ እንድትገኝ ተጻፈላት። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ደብዳቤው ላይ ደግሜ አነበብኳት።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞ የሥራ መልቀቂያዋ ደረሰ። ላፕቶፑን ተረክቤ እንድመጣ ተላክሁ።

ቤቱ እንደበፊቱ ንጹሕ ነው። ላፕቶፑን ጠርጋ፣ ገመዱን ጠቅልላ በፌስታል አድርጋ ጠበቀችኝ። እናቷ ተኝተዋል። ወደፊት ምን ልትሠሪ አሰብሽ አልኳት፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ቤት ወስዳ እንድትጽፍለት እንደጠየቃት፣ ብዙ ባይሆንም እንደሚሻል ነገረችኝ። የርክክብ ቅጹን አውጥቼ እሷ ፈረመች፣ እኔ ፈረምኩ። ልወጣ ስል እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳትሄድ» አለች። «ኮሚቴው ያንተን ቃል ሲቀበል ሌሊቱን አልተኛሁም። የሐጂን ነገር ያነሳው ይሆን ብዬ። እኔስ ያው ነኝ፣ ባጠፋሁት ተቀጣሁ፤ እሳቸው ግን በዚህ ዕድሜያቸው ስማቸው ቢነሳ አልችለውም ነበር። ሸፈንካቸው። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ።»

«ምንም አይደል» አልኳት።

ላፕቶፑን ተሸክሜ ወጣሁ። የሸፈንኩት ማንን እንደሆነ ልነግራት እችል ነበር፤ በሩ ገና አልተዘጋም፣ እሷም እስክርቅ ቆማ ታየኝ ነበር።